የአቶ ዋለ ነዳፊ

አቶ ዋለ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፊታቸው አብጦ፣ በሩን የቧጠጡት ጣቶቻቸው ደምተው፣ በገዛ ሽንት ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከወገዳ ከተማ ዳር ያለው መንደር ለመፍረድ አልዘገየም፤ የጎረቤታቸው የአቶ መልካሙ ንቦች ገደሏቸው ተባለ። ኢንስፔክተር ይታይሽ ስትደርስ ጎረምሶች ቀፎዎቹን ሊያቃጥሉ ገለባ እየከመሩ ነበር።

«ማንም ምንም እንዳይነካ!»

አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ንድፊያዎቹን አንድ በአንድ መረመረች። ከበሩ ኋላ አንድ የተርብ ጎጆ ወድቋል። ፍሊት አስረጭታ አወጣችው። ጎጆው በተቆረጠበት በኩል ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆበታል።

«እትዬ አልማዝ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩን እንዴት ከፈቱት?» ስትል የሟችን ሚስት ጠየቀች።

«መቀርቀሪያውን ስቤ።»

«የውጩን?»

ወይዘሮ አልማዝ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ባለቤትዎን ተርብ ነድፏቸው ያውቃል?»

«አምና አንዲት ነድፋው ትንፋሹ ሊቆም ነበር። ወንድሙ መሐሪ ነው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰው።»

አጠገባቸው የቆመው መሐሪ ፈጠን ብሎ፣ «እኔ ቤት ግን ተርብ ኖሮ አያውቅም» አለ።

ስለ ቤቱ የጠየቀው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አልማዝን፣ መሐሪንና አቶ መልካሙን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል። አቶ ዋለ ገላ ላይ አንድም አላገኘሁም። አቶ መልካሙ፣ ንቦችዎ ንጹሕ ናቸው። የነደፋቸው ተርብ ነው። ጎጆው ግን እዚያ አልተሠራም፤ ሽንት ቤቱ ጣራ ላይ የተለጠፈበት ምልክት የለም። ለመሆኑ የተርብ ጎጆ እንዴት ይነሣል?»

«ሲመሽ ሁሉም ይገባሉ» አሉ አቶ መልካሙ። «ያኔ በጆንያ አፍኖ መቁረጥ ነው።»

«ስለዚህ ቅዳሜ ሲመሽ ተቆረጠ። ጠዋት አቶ ዋለ ሽንት ቤት ሲገቡ ጆንያው ተራገፈባቸው፤ በሩም ከውጭ ተቀረቀረ። የጣራ ክፈፉ ሰማያዊ የሆነ ቤት በዚህ መንደር የመሐሪ ብቻ ነው። አይቼው መጣሁ፤ ቀለሙ መዳፍ በሚያህል ቦታ ገና አሁን ተልጧል። መሐሪ፣ አንዲት ተርብ ምን እንደምታደርጋቸው ደግሞ በዓይንህ አይተሃል።»



«ሽማግሌዎቹ የአባታችንን መሬት ለእሱ ፈረዱለት» አለ መሐሪ።

«ሲጮህ ሰምተኸዋል?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

«በሩ ሥር ቆሜ ነበር» አለ መሐሪ። «እኔ መሆኔን አላወቀም። እንድደርስለት ስሜን ነበር የሚጠራው።»