ከማማው ያወረደው ስም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጎረቤት ስለ ጋኔን ስታወራ "በስመ አብ በይና ተኚ" ብዬ የምቆርጥ፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ እንዳልሆነ እመኑኝ። የሆነው በእኔ ቤት ነው፣ ባሌም በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምንኖረው ከብልባላ ወደ ላይ፣ ከተራራው ሥር ነው። ያኔ ቀበሌው ተራራውን ከልሎ፣ እርከን አሠርቶ፣ ከብት እንዳይገባ ካደረገ ወዲህ ቁጥቋጦው ተመልሶ ድኩላው በዝቶ ነበር። ለተራራው ደስ ብሎናል፣ ለባቄላችን ግን አልበጀም። ገና እሸት ሊይዝ ሲል ድኩላው ሲመሽ ይወርድና ጫፍ ጫፉን ይቀነጥበዋል። ያ ማሳ ከሄደ ልጆቼ ከሴፍቲኔት ስንዴ በቀር የሚበሉት አልነበራቸውም። ስለዚህ ባሌ ዛፍ ላይ ማማ ልሥራ አለ፣ የአባቱን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ከላይ ሊጠብቅ።

ዛፉን ስንመርጥ አብረን ነበርን። ባሕር ዛፉን በነፋስ ይወዛወዛል ብሎ ገና ሳይነካው ተወው። እኔ ከማሳው ራስጌ ያለውን ጥድ አሳየሁት።

"እዚያ ላይ ከወጣሁ ድኩላው ቀርቶ ብልባላ ገበያ ያለ ሰው ያየኛል" አለኝ።

"ከመውደቅ መታየት ይሻላል።"

"ማን ይወድቃል? ቅል መሰልኩሽ እንዴ?"

ከገደሉ አፋፍ ያለውን ትልቁን ወይራ መረጠ። የመጥረቢያውን ጀርባ ይዞ ዙሪያውን መታው፣ ዛፍ ውስጡ ባዶ ከሆነ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ይህ ግን የሚሰጠው ድፍን ድምፅ ነው። ቅርፊቱን ላጥ አድርጎ አየ፣ ምስጥ የለበትም። ማማው በሚያርፍበት ቅርንጫፍ ላይ ገመድ ጣለና ሁለታችን ተንጠለጠልንበት፣ ልጃችን ብርቄ እያየችን ትስቃለች፣ ቅርንጫፉ ግን አልተነቃነቀም።

"አመንሽ?" አለኝ።

"አመንኩ" አልኩት፣ አምኜም ነበር።

አሁን ስለ ስሙ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። ባሌን አገሩ ካሴ ይለዋል፣ እኔ ግን በስሙ አልጠራውም፣ የብርቄ አባት ነው የምለው። የክርስትና ስሙን አላውቅም ነበር። በቁርባን አልተጋባንም፣ እናቱ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "መተተኛ እጅ ይገባል፣ ለሚስትህም ቢሆን አትንገር" ብላ አስምላው ነበር፣ እኔም ጠይቄው አላውቅ።

ማማው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ገብታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ እሱ ዛፉ ላይ ነው፣ እኔ ከበረት ላም እያለብኩ ነው። ሳልብ አላወራም፣ አባታችን ሆይን በልቤ ነው የምደግመው። ላሚቱ በድንገት ወተቷን ከለከለች። ውሻችን ተነሥቶ ወደ ማሳው አየ፣ ሊጮኽ ነው ስል ጭራውን ቆላ፣ እመኑኝ፣ ያ ውሻ ለቤተሰብ ካልሆነ ጭራውን አይቆላም። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ ወደ ማሳው አየ፣ ደግሞ እኔን። ከወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ፣ ቃሉ አይለይም፣ ጎረቤት ናት ብዬ ወደ ማለቤ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ የስብራት ድምፅ ገደሉን ሞላው። ማለቢያውን ጥዬ ሮጥኩ።

ባሌን ያገኘሁት ከማሳው መካከል፣ በእግሩ ቆሞ ነው። ከኋላው ያ ቅርንጫፍ ከነማማው ገደል ገብቷል። እልል ልል አፌን ስከፍት እሱ ተቆጣኝ።

"ማን አባቱ ነገረሽ?"

"ምኑን?"

"ስሜን ነዋ። ሜዳ ላይ፣ በዚህ ምሽት፣ እንደዚያ ይጮኻል?"

"እኔ ላም እያለብኩ ነው" አልኩት፣ ወተት የነካ እጄን ዘርግቼ።

እጄን አየው።

"መጀመሪያ የብርቄ አባት አልሽኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ድኩላው ብቅ ብሎ ስለነበር ዝም አልኩ። ደግመሽ ጠራሽኝ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ሀብተ ማርያም፣ ውረድ አልሽኝ። እናቴ ሳትሞት ነግራሽ ይሆናል ብዬ ደሜ ፈልቶ ወረድኩ፣ ልቆጣሽ።"

"ሀብተ ማርያም ማነው?" አልኩት።

እኔ እንዳልጠራሁት ያወቀው ያኔ ነው።

ጠዋት ስብራቱን አየነው። ምስጥ የለ፣ ብስባሽ የለ፣ እንጨቱ እስከ ውስጡ ጤነኛ ነው። ባሌ ግንዱን እንደገና በመጥረቢያው ጀርባ መታው፣ ያንኑ ድፍን ድምፅ ሰጠው።

ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወርደን ጧፍ አበራን፣ ጸበል ጠጣን። የንስሐ አባታችን ሰሙንና "ድምፁ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል?" አሉት።

"የእኔን ብቻ ነው አባ።"

"እንግዲህ አመስግኑ፣ ድምፁን ግን አትመርምሩ" አሉን።

አመሰገንን። በዓመቱ በቁርባን ተጋባን፣ ስሙንም እቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ሰማሁት። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። ባሌን ያተረፈልኝ አምላክ ነው፣ ይህን ስል ልቤ አይወላውልም። አንዳንዴ ብቻ፣ መልአክ ከሆነ ለምን በራሱ ድምፅ አልጠራውም እላለሁ፣ የእኔንስ ድምፅ ከየት አገኘው እላለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ ሥራዬን እሠራለሁ።

ባለፈው ሰሞን እቤት ተቀምጬ ምስር ስለቅም የብርቄ አባት ጓሮ አጥር ሲያጥር ቆይቶ፣ መጥረቢያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

"እዚህ ነሽ?"

"ከተቀመጥኩ ቆየሁ።"

"አልተነሣሽም?"

"አልተነሣሁም።"

ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ምስሩን አብሮኝ ይለቅም ጀመር፣ በዕድሜው ምስር ለቅሞ የማያውቅ ሰው። ምን እንደ ሰማ አልጠየቅሁትም። በማግስቱ የቤቱን ምሰሶ፣ የጣሪያውን ማገር፣ አጥሩ ዳር ያለውን ዛፍ ሁሉ በመጥረቢያው ጀርባ እየመታን አብረን ዞርን። ሁሉም ድፍን ነው። እስካሁን የወደቀ ነገር የለም።