«ልኩ ነው» ያለው ጎሚስታ

ሙሉቀን፣ አፍህን ያዝ! ምን አልክ አሁን? «ማንም ይምጣ፣ ብቻ ይህን ጎማ ይግጠምልኝ» ነው ያልከው? በዚህ ጨለማ? በል አማትብ። ሾፌርም ያማትባል።

እናንተም ተሳፋሪዎች መጋረጃውን ዝጉና ወደ እኔ ጠጋ በሉ። ከኋላ ወንበር የተኙትን እናት ግን እንዳትቀሰቅሱ፣ ደክሟቸዋል። የተጠራው ጎሚስታ እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ።

ድሮ ነው። ቢሻው የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ከተማ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠ። አባትየው ምን አሉ? «ልጄ፣ ነፍሴ ሳትወጣ ቤቴ አድርሰኝ» አሉ። ይህን እምቢ የሚል ልጅ አለ? የለም።

ቢሻው አሮጌ መኪና ነበረችው። የአገሩ መንገድ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው፣ የመኪናዋን ሆድ ይነካል። ታዲያ ምን አደረገ? ከፍ እንድትልለት ብሎ አራት ትልልቅ ጎማ ገዛ። ልኳ አይደለም እኮ! ጎማውን ጣራዋ ላይ አሰረ፣ አባቱን ከኋላ አስተኛ፣ በጠዋት ጎሚስታ ፍለጋ ተነሳ።

የመጀመሪያው ጎሚስታ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይሄማ መሪ ስታዞር ይያዛል። አልነካውም» አለው። ሁለተኛው፣ «ማሽኔን ልትሰብርብኝ ነው?» አለው። ሦስተኛው ጭራሽ ሳቀበት። «ትራክተሩን የት አቁመኸው መጣህ?» አራተኛው ግን «ይቻላል» አለ። ይቻላል! ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጦት፣ አንዱን ጎማ ሲታገል ውሎ፣ መጨረሻ ላይ እጁን እየጠረገ «ለካ አይገባም፣ እስቲ ነገ ና» አይለው መሰላችሁ? ነገ? የሚሞት ሰው ይዞ ነገ? ኧረ እኔ ሳወራው ደሜ ይፈላል!

አባትየው ከኋላ ሆነው፣ «ልጄ፣ ተወው። በአሮጌው ጎማ ቀስ እያልን እንደርሳለን» አሉ።

«ይተዉኝ አባባ! እኔ ነኝ የማውቀው» አለ ቢሻው። ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ሌላ ከተማ ልሞክር ብሎ ወጣ። መሸ። መንገዱ ጭር አለ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። መኪናዋን አቆመ፣ ወረደ፣ ጎማዋን በእርግጫ መታና፣ «ሰይጣንም ቢሆን ይምጣ! ብቻ ይግጠምልኝ!» ብሎ ጮኸ። አማተበ? አላማተበም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማ። ቀው። ቀው። ቀው። ብረት በመዶሻ ሲመታ። ቀጥሎ ከመንገዱ ዳር ትንሽ መብራት አየ። ቀጥሎ ዛፍ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ አየ። ጎሚስታ! በዚያ መንገድ ስንቴ ተመላልሷል፣ እዚያ ቦታ ጎሚስታ አይቶ ያውቃል? በጭራሽ።

አንድ ሰውዬ ቁጢጥ ብሏል። ቀና አይልም። ከኪሱ ገመድ አወጣ። ትልቁን ጎማ ለካ። መኪናዋን ለካ። «ልኩ ነው» አለ።

ቢሻው በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ያጣት ቃል ናታ!

ክሪክ የለም፣ መኪናዋ ግን ተነሳች። የንፋስ መሙያ የለም፣ ሰውዬው በአፉ እፍ አለበት፣ ጎማው ሞላ። ይህን ያየ ሰው አይሮጥም? ቢሻው አልሮጠም። ጎማው ገባለታ!

ከዚያ ሰውዬው የኋላውን በር ከፈተ። ገመዱን ከአባትየው ራስ እስከ እግራቸው ዘረጋ። «ልኩ ነው» አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዋጋዬን ነው።»

«ስንት ነው?»

«ለክቼ ወስጃለሁ። ሂድ።»

ሄደ። አንድም ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ አልነካም። «አባባ፣ አዩ? ገባ እኮ!» አለ። ተኝተዋል ብሎ ነዳ። ከቤታቸው ደጃፍ ደርሶ በሩን ሲከፍት አባትየው ቀዝቅዘዋል። ያ ገመድ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ተዘርግቶባቸዋል። ጎማውስ? አራቱም ጣራዋ ላይ እንደታሰሩ ናቸው። ለካ የመጣው በአሮጌው ጎማ ነው! አባቱ «ተወው» ሲሉት ቢሰማ ኖሮ በሕይወት ያደርሳቸው ነበር። ቢሻው እስኪሞት ድረስ «ጎማ ሳሳድድ ውዬ ፊታቸውን ዞሬ አላየሁም» እያለ አለቀሰ።

ስለዚህ ሙሉቀን፣ ሲመሽ በንዴት ማንንም አትጥራ። ሰው ስትጠራ በስሙ ጥራ።

ቆይ... ሰማችሁ?

ቀው። ቀው። ቀው።

ሙሉቀን፣ ከታች የሚመታው ረዳትህ ነው?

«እኔ ረዳት የለኝም ጋሼ።»

ጎሚስታው ደርሶ ነዋ?

«አሁን ደውሎልኝ ነበር። ገና ከከተማ አልወጣም።»

በስመ አብ! የኋላውን በር ማን ከፈተው? እናትየውን ቀስቅሷቸው! አሁኑኑ ቀስቅሷቸው!