ሄድሁ ወይስ ሄድኩ

«ቁሚ፣ ቁሚ!» አበራ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ ዝም አሰኛቸው። «‹ሄድኩ› ነው የሚባለው። ስንቴ ልንገርሽ?»

«‹ሄድሁ› ነው!» አለች አስያ። «‹ከባሕር ዳር ሄድሁ፣ በልቤ ግን ቀረሁ።› ቤት የሚመታው እንዲህ ሲባል ነው። ጆሮህን ጣና ውስጥ ጣልኸው እንዴ?»

ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አስያ ከአባቷ ሱቅ ይዛው የመጣችው ቴፕ አለ፤ ውስጡ አንድ ባዶ ካሴት ገብቷል። አባቷ ሐጂ ኑርሑሴን ከዐስር ሶላት ሳይመለሱ ቴፑ መደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። የአበራ አባት ደግሞ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዛውረዋል፤ ነገ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ዘፈኑ ዛሬ ካልተቀዳ ቀረ ማለት ነው።

የቀበሌው ኪነት ቡድን ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው ዘፈኑን ሰምተውት ነበር። አበራ ጊታሩን ሲገርፈው፣ አስያም የአንገቷ ሥር እስኪገተር ስትጮህ አይተው፣ «ይኼ ዘፈን ነው ወይስ የእሳት አደጋ ጥሪ?» ብለው ከቀበሌው የመድረክ ዝግጅት ሰረዙት። ሁለቱ ግን ይወዱታል። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚሁ ዋርካ ሥር እየተጨቃጨቁ የሠሩት ነው።

ያ ዓመት እንዴት ቶሎ አለቀ! አበራ አዲስ ገብ ሳለ አስያ ክፍል ውስጥ «ሄድሁ» ስትል ብቻውን ሳቀ። ተማሪው በሙሉ ዞሮ በእሱ ሳቀበት። አስያ በዕረፍት ሰዓት ሄዳ ያናገረችው ስላሳዘናት ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ አበራ አቀርቅሮ። «እዚያ አዲስ አበባ ለሰፈር ልጆች ላሰማቸው ነው። ፋራ ብለው ይስቁብናል።»

«በእኔ ነው በላ የሚስቁት! አንተማ አራዳ ነህ።»

አስያ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ከዘጌ እንጨት የጫነች ታንኳ ቀስ እያለች ትመጣለች። አበራ የተቃኘውን ጊታር እንደገና ይቃኛል። ነገ ይኼኔ ይህ ድምፅ አይኖርም። ለአንዲት ፊደል ብዬ ልጣላው? ብላ አሰበች።

«በል እንቅዳ» አለችና የቴፑን መቅጃ ቁልፍ ተጫነችው።

አበራ ክሮቹን ገረፋቸው። እሱ ጮኸ፣ እሷ ጮኸች፤ ታንኳ ቀዛፊው ሳይቀር ቀና ብሎ አያቸው። መጨረሻ ላይ አብረው የሚሉት ስንኝ ደረሰ። አስያ ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት ጉልበት ሁሉ «ሄድኩ!» አለች።

በዚያው ቅጽበት አበራ «ሄድሁ!» አለ።

ተያዩ። መጀመሪያ እሷ ፈነዳች፤ ከዚያ እሱ። ቴፑ ሳቃቸውን ሁሉ ቀዳው።

«ተበላሸ!» አለ አበራ እንባውን እየጠረገ። «ወደ ኋላ መልሽውና ከላዩ እንቅዳ። ገና ሰዓት አለን።»

አስያ ካሴቱን አወጣችው። አባቷ የመንዙማ ካሴቶቻቸውን ማንም ከላዩ እንዳይቀዳባቸው የሚያደርጉትን ታውቃለች። ከሻሿ መርፌ ቁልፍ ነቀለችና ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ቀጭ አድርጋ ሰበረቻት።

«ምን አደረግሽ?»

«እንካ» አለችና ካሴቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

ከዚያ ቴፑን አቅፋ ወደ ሱቁ ሮጠች። የተሰበረችው ጥርስ በጭብጧ ውስጥ ነበረች።