ውሃው ሰርግ ሄዷል

ልደታ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ያለው ኮሌጃችን ትንሽ ነው። ትንሽነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ተማሪ ሲያነጥስ ከሦስት ክፍል «ይማርህ!» ይባላል። ክበብ ግን አያልቅበትም። ቀይ መስቀል አለ፣ ፀረ ሙስና አለ፣ አካባቢ ጥበቃ አለ። የምዝገባው ቀን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሮ ሁሉም አባል ሲለምን፣ እኔ ኢፋ፣ የኤሌክትሪክ ደረጃ ሁለት ተማሪ፣ ብስኩት ላቀረበልኝ ሁሉ ፈረምኩ። ረፋዱ ላይ የአራት ክበብ አባል፣ የአንዱ ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ነበር።

የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ብስኩት የለም። አንዲት ልጅ፣ አንድ ባዶ መዝገብና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ። የአብስራ ትባላለች፤ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰብሳቢ።

«ምን ትችላለህ?» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

«ጥገና። አንዴ የሞተ ሬዲዮ በሹካ ብነካው የነገን ዜና አነበበ።»

ያኔ ቀና አለች። ዓይኗ ሳቀ፤ አፏ ግን እምቢ አለ። እኔን አስሮ ያስቀረኝ እሱ ነው።

«ፈርም» አለችኝ።

ሚኒ ሚዲያ ማለት አንድ ማይክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍልና ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት፣ ተማሪው ምሳ ዕቃውን ሲከፍት፣ የአብስራ ዜና ታነባለች። ስታነብ ሌላ ሰው ናት። ትከሻዋ ይቀናል፤ ድምጿ ይረጋል። እኔ ገመድ የማስተካክል መስዬ እሷን አያለሁ። ያንን ገመድ በአንድ ወር ውስጥ አርባ ጊዜ አስተካክዬዋለሁ።

«ጋዜጠኛ መሆን ነበር የምፈልገው» አለችኝ አንድ ቀን። «አባቴ ግን ‹ወሬ አንብቦ ማን ሰው ሆነ?› ብሎ ጮኸብኝ። እዚህ እንደማነብ ቢያውቅ አለቀልኝ።»

«ቤታችሁ የት ነው?»

በመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አሳየችኝ። «አራተኛ ፎቅ። ግን በዚህ ሰዓት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ችግራችን አድማጭ ነበር። ተማሪው ከዜናው ይልቅ ሽሮውን ይሰማል። «አምስት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» አልኳትና «የኢፋ ትኩስ ወሬ» የሚል ፕሮግራም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ድመት ጡረታ ስትወጣ አይጦቹ የሽኝት ግብዣ እንዳደረጉላት፣ ምስክር ጠቅሼ አስረዳሁ። ተማሪው ምሳ ዕቃውን ይዞ መስኮታችን ሥር ተሰበሰበ። የአብስራም ዜናዋን ጨርሳ መሄድ ተወች። ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትሰማኛለች። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል።

እኔ ግን ሰኞ ዕለት እንዲህ አልኩ፦

«አስቸኳይ ማስታወቂያ! ከዛሬ ጀምሮ ለአሥራ አምስት ቀን በልደታ ውሃ አይኖርም…» ወሬዋን ላሳምር ብዬ ትንፋሽ ወሰድኩ። «…አዋሽ ልጁን ስለሚድር ውሃው ሁሉ ሰርግ ሄዷል!»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ኮንዶሚኒየሙ ግን ትንፋሽ ወስጄ እስክጨርስ አልጠበቀኝም። ውሃ በፈረቃ የለመደ ሰው «አይኖርም» ከተባለ ምክንያት አይጠይቅም፤ ጀሪካን ያነሳል። ቧንቧው ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ጀሪካን ሞላ፣ ሳፋ ሞላ፣ ድስት ሞላ። አንድ ሰውዬ ቦቲ ጫማውን ሳይቀር ሞልቷል። በግማሽ ሰዓት የጣሪያው ታንከር ደረቀ፤ ፈረቃው እስኪደርስ ደግሞ ሦስት ቀን ይቀራል። ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው አፉን የሚጉመጠመጥበት አጣ።

ማክሰኞ ጠዋት የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ የሻረግ ባዶ ጀሪካን ይዘው ዲኑ ቢሮ ገቡ። ዲናችን መምህር በሱፍቃድ ሁለታችንን አስጠሩን።

«ማይኩ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ይላል። እስከ ዓርብ ነዋሪው ይቅር ካላላችሁ ክበቡ ይዘጋል፤ ለወላጆቻችሁም ደብዳቤ ይጻፋል።»

የአብስራ ፊቷ አመድ መሰለ። ውጭ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«እኔ ሰው የምሆነው እዚያ ማይክ ፊት ነበር። አንተ ቀለድክበት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ የሻረግን እየሮጥኩ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ ምን ላድርግልዎ?»

«ውሃውን ሰርግ የላከው ማን ነው? አንተው ነህ! በል አንተው መልሰህ አምጣው። እታች የግቢው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። እየቀዳህ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ላለው ሁሉ አድርስ።»

ሦስት ቀን ተሸከምኩ። ደረጃው ማክሰኞ ሰማንያ ነበር፤ ሐሙስ ላይ አራት ሺህ ደርሷል። «ሰርጉ እንዴት ነበር?» እያለ የማይስቅብኝ ጎረቤት የለም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሲሆን አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ገርበብ ያለ በር አንኳኳሁ። አንድ አዛውንት በረንዳው ላይ፣ ከተሰጣ አንሶላ ጀርባ ቆመዋል። ጆሯቸውን ወደ ኮሌጃችን ጣሪያ አዘንብለዋል።

«አባባ፣ ውሃ አምጥቻለሁ። ምን እየሰሙ ነው?»

«ምን እሰማለሁ? ዝም ካለ ሦስተኛ ቀኑ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ የምታነበው ልጄ ናት። ቤተ ክርስቲያን ነኝ እላትና እዚህ ቆሜ እሰማታለሁ። ‹አይሆንም› ብዬ ጮኼባታለሁ፤ አሁን በየት አፌ ጎበዝ ነሽ ልበላት? እንዳትነግርብኝ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«ውሃውን ሰርግ የላክሁት ነኝ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ!» አሉና ኮታቸውን ከወንበሩ አነሱ። «ና ውረድ፤ የሻረግ ጋ እንሂድ። ይቅርታውን ዛሬውኑ አጽፌ አመጣልሃለሁ።»

አጻፉትም። ዓርብ ጠዋት የይቅርታው ወረቀት ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ስለ ውሃ ሁለተኛ እንዳይቀለድ የሚል ማስጠንቀቂያም አለበት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአብስራ ማይኩ ፊት ተቀምጣለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ሁለት ነገር ልንገርሽ። ሁለቱም እውነት ናቸው።»

«ካንተ አፍ?»

«አባትሽ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። በረንዳችሁ ላይ፣ ከአንሶላው ጀርባ ቆመው በየቀኑ ይሰሙሻል። እንዳልነግርሽ ለምነውኝ ነበር። ሁለተኛው… እወድሻለሁ።»

እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የሞተ ሬዲዮ በሹካ አስነሳሁ ስትለኝ ዝም አልኩህ። በአባቴ ግን አትቀልድብኝ፣ ኢፋ።»

ማይኩን ከፍታ ዜናዋን አነበበች። አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም። ወረቀቱ ሲያልቅ ግን አልተነሳችም። ወደ መስኮቱ አየች፤ ወደ ማይኩ ተመለሰች።

«በመጨረሻም» አለች፣ «ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንሶላ ጀርባ ሆነው ለሚያዳምጡን አድማጫችን… እንደምን ዋሉ?»

ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ታክሲው እንኳ ጥሩምባውን የዋጠ መሰለኝ።

ከዚያ አንሶላው ተገለጠ። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ድምፁ እኛ ጋ አይደርስም፤ እጃቸው ብቻ ይታያል፤ አያቆምም።

የአብስራ ለብዙ ጊዜ አየቻቸው። ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለት ነገር ነበር የነገርከኝ።»

«አዎ።»

«አንዱ እውነት ሆነ። እስቲ ሁለተኛውን ድገመው።»

ደገምኩት። ማይኩ እንዳልተዘጋ ያወቅነው፣ መስኮታችን ሥር ያለው ተማሪ ሁሉ የምሳ ዕቃ ክዳኑን እያንኳኳ ሲጮህ ነው። እኔ ማጥፊያውን ልጫን እጄን ዘረጋሁ። የአብስራ እጄን ያዘችው። ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ በዚያ በረጋ የዜና ድምጿ፣

«እኔም» አለች።