ወደ ቀኝ የሚያይ ፊት

«ፊቱ ዞሯል እኮ!» አለ ወጣቱ ፀጉር አስተካካይ፣ ታፔላውን የግቢው በር ላይ እያስደገፈ። «ከሱቄ በር በስተቀኝ ነው የምሰቅለው። ሰውየው ወደ በሩ ማየት ሲገባው ለደንበኞቼ ጀርባውን ሰጣቸው!»

ቀለሜ ታፔላውን ቀና አድርጋ አየችው። እውነቱን ነው። አባቷ በደህናው ጊዜ በየፀጉር ቤቱ የሳላቸው የጎን ፊቶች ሁሉ ወደ ግራ ነበር የሚያዩት። ስትሮክ ቀኝ እጁን ከነጠቀው ወዲህ ግን በግራው መሳል ተለማመደ። ይህ ታፔላ በግራው የሠራው የመጀመሪያው ነው።

ቀለሜ ትምህርት ቤት ሳለች የሥዕል መምህራቸው አንድ ቀን ተማሪውን ሁሉ የጎን ፊት አስለውት ነበር። የብዙዎቹ ወደ ግራ ሲያይ የግራኙ ልጅ ብቻ ወደ ቀኝ አየ። «እጅ የሚቀናውን መስመር ይመርጣል፤ ዓይንም ሲያነብ የለመደውን መንገድ ይከተላል» አሉ። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባትሽ እጅ አንቺ ጋ አለ። ደርበሽበት ሳዪው። ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል። አታካብጂው፣ ማን ያውቃል?»

ሲሄድ ወደ ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አውራ ጣቱ ላይ ቀለም ደርቋል።

«ወደደው?»

«በጣም» ልትለው አፏን ከፈተች። ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀለም አየችና ተወችው።

«አልተቀበለውም፣ አባ። ወደ ግራ እንዲያይለት ይፈልጋል።»

አባቷ ግራ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ሞክሬ ነበር እኮ፣ ቀለሜ። በዚያ በኩል ስጀምረው አፍንጫው ይጣመምብኛል።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ታዘዘለት። «በቃ፣ በቲነር አጥፊውና አንቺ ሳዪው።»

ቲነሩን አልነካችም። ሌላ ባዶ ሰሌዳ አወጣች። እንዳይንሸራተትባት አባቷ በግራ እጁ ያዘላት። ብሩሹን አንዴ ስታሳርፈው ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ወደ ግራ እየወረደ መጣ፤ ቁርጥ የአባቷ የድሮ ሥራ። እንዲህ መቅለሉ አስለቀሳት። አባቷም አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ሲያልቅ «ጥጉ ላይ ስምሽን ጻፊ» አላት።

«ያንተን ነው የምጽፈው።»

«ያልሠራሁትን አልወስድም።»

ስሟን በትንሹ ጻፈች፤ ከጎኑም ለሌላ ስም የሚበቃ ቦታ ተወች። ከዚያ ውጭ በር ላይ የተደገፈውን ታፔላ አስገብታ ከአልጋው ፊት ለፊት አቆመችው፣ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረችና ለግራ እጁ አቀበለችው። «ይህን ግን አንተ ነህ የሠራኸው፤ ስምህን ጻፍበት።»

አባቷ ብሩሹን ይዞ ወደ ታፔላው ጥግ ጎንበስ አለ። እሷም አልቸኮለችም።