ሁለተኛው ዲስክ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ አጠገቡ መሰላል ወድቋል። «ዲስክ ሊቀይር ወጥቶ አዳልጦት ነው» ተባለ።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ግን መሰላሉን አልፋ የሟቹን መዳፍ ገለጠች። በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው የተበላሸ ዲስክ መለያ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ማሽኑ ላይ ግን ሌላ ዲስክ፣ ያውም ጤነኛ፣ ከቦታው ተስቦ ወጥቷል። የእሳት ማጥፊያው ደግሞ ከክፍሉ ዕቃ ሁሉ እሱ ብቻ ተወልውሏል።

የክፍሉ ካርድ ያላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሟቹን የሥራ ጓደኛ ጠየቀችው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ይሄን ጤነኛውን ዲስክ ማን አወጣው?»

«እሱ አያወጣውም! ሦስት ሰዓት ላይ የተበላሸውን ቀየረ፤ ማሽኑ የጎደለውን መልሶ መሙላት ጀመረ። ይሄኛው የወጣው አራት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ማሽኑ መዝግቦታል። ያኔ እኔ ‹አንድ ዲስክ ተበላሽቷል፣ የራጅ ምስል ይዘገያል› እያልኩ ክፍሎቹን እዞር ነበር።»

«ታዲያ ምስሎቹ ጠፉ?»

«የለም። ድሮ ሁለት ከጎደለ አበቃ ነበር። ባለፈው ወር ግን ሁለት ቢጎድልም እንዲችል አደራጀነው። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ናቸው የፈረሙልን።»

ኃላፊዋም ይህንኑ አረጋገጡ። የቀረው ምክትል ዳይሬክተሩ፣ ቀዶ ሐኪሙ ነበር።

«ያሳዝናል» አለ እጁን እያሻሸ። «ሰውየውም ሄደ፤ ሁለት ዲስክ ሄዶ ምስሎቹም ጠፉ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ አስቀመጠቻቸው።

«ከመሰላል ወድቆ ማጅራቱን የተመታ ሰው በግንባሩ አይደፋም። ከኋላ ተመትቷል፤ በእሳት ማጥፊያው። ገዳዩ ሁለተኛውን ዲስክ የጎተተው ምስል ለማጥፋት ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በዚያ ምንም እንደማይጠፋ ያውቃሉ። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር። ለእርስዎ የተነገረዎት ደግሞ አንድ ዲስክ መበላሸቱ ነው። ሁለት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ሐኪሙ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ሟቹ ምስሎቹ መከፈታቸውን ሲፈትሽ አንዱን አየ፤ መጨረሻ የከፈተው ምስል መሆኑን ማሽኑ መዝግቦታል። ወዲያው ለእርስዎ ደወለ፤ የመጨረሻ ጥሪው ነው።»

ምስሉን ግድግዳው ላይ አበራችው። ሐኪም ያልሆነ እንኳ አይስተውም፤ ሐኪሙ ኦፕሬሽን ያደረጋት ሴት ሆድ ውስጥ የቀዶ ሕክምና መቀስ ተጋድሟል።

«‹ለሴትየዋ ካልነገሩ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ» አለ ሐኪሙ። «ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስሜ...»

«ሴትየዋ የት ናት?»

«ባለፈው ሐሙስ... ማስታገሻ ሰጥቼ አስወጣኋት።»

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ፈልገው አወጡ። መርማሪዋ ደወለች። አንዲት ልጅ አነሳች፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«እናትሽን ፈልጌ ነበር፤ ከሆስፒታል ነው።»

«አሁን ከቀብሯ መመለሳችን ነው» አለች ልጅቷ። «ማን ልበል?»