ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የተበላሸችው ፎቶ

ከአናጺው ጎረቤታችን ጋር የተዋወቅነው በቁጣ ነው፤ ቁጣውም የኔ ነበር።

ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እሸጣለሁ። ማታ ደግሞ ከበረንዳችን ላይ በትንሿ ቴሌስኮፔ ኔቡላ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሩቅ ሰማይ ላይ ያለች ቀይ የጋዝ ደመና ናት። የመንገዱን መብራት የሚያስቀርልኝ ማጣሪያ አለኝ። የሰው እግር የሚያስቀር ማጣሪያ ግን የለም። ከአናጺው ጋር የምንጋራው በረንዳ ጣውላ ስለሆነ፣ ሰው ከረገጠው ቴሌስኮፑ ይነቃነቅና ከዋክብቱ ሁሉ ጭራ ያወጣሉ።

የመጀመሪያው ማታ አናጺው በከባድ ጫማው ዱብ ዱብ እያለ አለፈና ፎቶዬ ገደል ገባ። አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቀን ሲያገኘኝ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ክፉኛ የተቀየመኝ መሰለኝ። እንደወደድኩት ያወቅኩትም ያኔ ነው፤ እኔ መቼም ነገር የሚገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ሐሙስ እናቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ አናጺው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቅዳሜ ሊሄድ መሆኑን እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ምን አገባኝ ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቀርኩና ፎቶ መምረጥ ጀመርኩ። ቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመው ካሜራ ማታ ማታ ብቻውን በየሦስት ደቂቃው ያነሳል፤ ደህና ደህናዎቹ ተደራርበው አንድ ምስል ይሆናሉ፣ የተበላሹት ይጣላሉ። በየማታው አንዷ ተበላሽታ ስለማገኛት ድመታችንን ስረግም ነበር የከረምኩት። ያን ቀን ሰዓቱን አየሁት። የተበላሹት አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የተነሱት ልክ ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ድመት ደግሞ ሰዓት አታከብርም።

አርብ ማታ ካሜራውን አስጀምሬ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጣውላው ሲጥ አለ። በሩን ከፈትኩት። አናጺው ጫማውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በካልሲው፣ ሌላውን እጁን ሊያንኳኳ አንስቶ ቆሟል።

«ዛሬም ሳታንኳኳ ልትመለስ ነው?» አልኩት።

«ዛሬስ ላንኳኳ ነበር። ነገ እሄዳለሁ።»

«የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር።»

«ኧረ እኔ! ፎቶሽን እንዳላበላሽብሽ ፈርቼ ነው።»

«አሥራ አንድ አበላሽተህብኛል።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «በካልሲም?»

«በካልሲም» አልኩና ወደ እሱ ወጣሁ። እንደምወደው የነገርኩት እዚያው ጣውላው ላይ ቆሜ ነው። ጫማው ከእጁ ወደቀ።

ቃል የሰጠበት ሥራ ነበርና ሄደ። በሁለት ወሩ ተመለሰ።

ኔቡላዬ አምራ ወጣች፤ እናቴ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላታለች። የእኔና የእሱ ቤት ግድግዳ ላይ ያለችው ግን የዚያች አርብ ፎቶ ናት፤ ከዋክብቷ በሙሉ ጭራ ያወጡ። ፍሬሟን የሠራው እሱ ነው። እንግዳ ማን እንዳበላሻት ሲጠይቅ እጁን ያወጣል። እኔም አወጣለሁ።